በሰው ደብተር የተሰጠ ደም

ጋሽ ወርቁ በሆስፒታላችን ካርድ ክፍል ሃያ ሰባት ዓመት ሠርተዋል። ሆስፒታሉ በጅማ መንገድ ከዓለም ገና ወደ ሰበታ ሲኬድ ያለ ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ ብጠራውም የሚጠቀም የለም። እኔ መድኃኒት የምሰጥበት መስኮት ከእሳቸው መስኮት ትይዩ ነው። በመካከላችን ያለው አራት አግዳሚ ወንበርና የተራ ጭቅጭቅ ብቻ ስለሆነ፣ የሚናገሩት አንድም ቃል ሳያመልጠኝ ዘጠኝ ዓመት ሰምቻለሁ።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ግራጫ ጋውን የማይለያቸው ሰው ናቸው። ኪሳቸው ላይ የምትታየውን እስክሪብቶ ለዋና ሐኪሙ እንኳ አያውሱም። ኮምፒዩተር የገባ ጊዜ ሁላችንንም አዳማ ወስደው ሦስት ቀን አሠለጠኑን፤ እሳቸውም ሄዱ፣ ሠርተፊኬታቸውን ይዘው ተመለሱ፣ ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩን አቧራ እንዳይገባበት በጨርቅ ሸፈኑት። ኔትወርክ በጠፋ ቀን፣ ማለትም አብዛኛውን ቀን፣ ሆስፒታሉ የሚሠራው በእሳቸው ጭንቅላት ነበር። "አንቺ፣ ባለፈው ጥቅምት ለጉሮሮሽ መጥተሽ አልነበር?" ይሏታል የማላስታውሳትን ሴትዮ። ካርዷ ይገኛል። ካርድ የጠፋበትን ሰው ደግሞ "ራስህንስ የት አስቀመጥከው?" ብለው ይሰድቡታል፣ ከዚያ መሰላል ላይ ወጥተው ይፈልጉለታል። ስድቡ ከመሰላሉ ይቀድማል እንጂ መሰላሉ ቀርቶ አያውቅም።

አሁን የምናገረውን ነገር ለመረዳት ስለ ጤና መድን ደብተር ማወቅ ያስፈልጋል። ደብተሩ ያለው ቤተሰብ ሲታመም ይታከማል። የሌለው ይከፍላል፤ መክፈል ያልቻለ ይዋሳል። ምዝገባው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፣ ያለፈው ሰው ዓመት ይጠብቃል። ከሌላ ከተማ የመጣ ደግሞ ከቀድሞው ቀበሌው መሸኛ ካላመጣ አይመዘገብም። በእኛ አካባቢ የሕዝቡ ግማሽ አምና የመጣ ነው፤ መሸኛ የሚጽፈው ባለሥልጣን ደግሞ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። ስለዚህ የጎረቤት ደብተር ይዞ መታከም ወንፊት እንደመዋስ ሆኖ ነበር። ሕግ መጣስ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ጋሽ ወርቁ ፎቶውን ያያሉ፣ ፊት ለፊታቸው የቆመውን ሰው ያያሉ፣ ከዚያ ደብተሩ ላይ ያለውን ስም ይጽፋሉ። እኔም መድኃኒት ስሰጥ ፎቶውን አይቼ እንዳላየሁ አልፍ ነበር፤ ጣቴን ወደ እሳቸው ብቻ ልቀስር አልችልም።

ራያ የመጣችው ከሁለት ዓመት በፊት፣ በግንቦት ወር፣ ከምሳ በኋላ ነው። እሷና ባሏ አክመል ከቡራዩ ወደ ዓለም ገና መጥተው የላስቲክ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ከፍተው ነበር፤ የቡራዩ መሸኛ ግን ስድስት ወር ቢጠበቅም አልመጣም። ማዮማ የሚሉት የማህፀን እጢ ነበረባት፣ ያን ቀን ደም አላቆም አላት። የግድግዳ ጎረቤቷ ደስታነሽ ባጃጅ ጠርታ አሳፈረቻት፣ የራሷን የመድን ደብተር እጇ ላይ አደረገችላት። ፎቶው ላይ ደስታነሽ ሹሩባ ተሠርታለች፣ አንገቷ ላይ ማተብ አለ። መስኮቱ ጋ በባሏ ትከሻ ተደግፋ የቆመችው ሴት ደግሞ እስከ ቅንድቧ ሂጃብ ለብሳለች።

ጋሽ ወርቁ ደብተሩን አዩ፣ ሴትዮዋን አዩ።

"ወይዘሮ ደስታነሽ!" አሉ ጮክ ብለው።

"አቤት!" አለ አክመል።

ወንበሩ ላይ የነበረ አንድ ሽማግሌ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ጋሽ ወርቁ ጻፉ። በኋላ "ይሄ እንኳ በዛ" ስላቸው ተቆጡኝ። "እየደማች መሸኛ አምጪ ልበላት?" አሉ።

ራያ በዚያው ቀን ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ሁለት ከረጢት ደም ተሰጣት፣ ተረፈች። ከሰመመን የምትነቃበት ሰዓት ሲደርስ ነርሷ "ደስታነሽ! ደስታነሽ!" እያለች ብትጠራት አልሰማ ብላ ሐኪም ሊጠራ ነበር። አክመል ጎንበስ ብሎ "ራያ" ሲላት ዓይኗን ገለጠች። ይህን እያወራን አንድ ወር ሙሉ ስቀናል።

ደብዳቤው የመጣው ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ለሆስፒታሎች የተሠራጨው ደም የተመረመረበት አንድ ጭነት የመመርመሪያ ኪት የጉበት ቫይረስን፣ ሲ የሚባለውን፣ በትክክል እንደማያሳይ በኋላ ተደርሶበታል ይላል። ስለዚህ በእነዚያ ወራት ደም የወሰዱ ሁሉ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ተፈልገው ይመርመሩ፤ የተያዙትም ስማቸው ይላክና መድኃኒት ይላክላቸው ይላል። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ደብዳቤ ነበር። ጥፋትን በጽሑፍ ማመን በእኛ ቢሮዎች ብዙ አይታይም። ኪቱን ማን እንደገዛው ግን አልተጻፈም፤ እስከ ዛሬም አልሰማንም።

ሥራ አስኪያጃችን ኦቦ ሞቱማ ኮሚቴ አቋቋሙ። የላቦራቶሪዋ ኃላፊ ቢታንያ ልትመረምር፣ ጋሽ ወርቁ ካርድ ሊያወጡ፣ እኔ መድኃኒቱ ሲመጣ ልረከብ ገባን። በእኛ ሆስፒታል ደም የወሰዱት ሃያ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ዝርዝሩ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ፣ ጋሽ ወርቁ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ቁጥር አሥራ አራት ላይ ጣታቸው ቆመ። ደስታነሽ ይላል። ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ፊቴ የነበረውን የውሃ ላስቲክ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ጀመርኩ። ጣታቸው ወደ አሥራ አምስት ወረደ። ሌላም ቦታ ላይ የቆመ መሰለኝ፤ ያኔ ግን ልብ አላልኩትም።

ደስታነሽ ተደወለላትና መጣች። "ደም አልወሰድኩም" ማለት ደብተሩን ለሰው ሰጥቻለሁ ማለት ነው፤ ደብተሩ ከታገደ ደግሞ አስም ያለባቸው ሁለት ልጆቿ ያለ ሕክምና ይቀራሉ። ስለዚህ ሳትናገር ክንዷን ዘረጋች። ቢታንያ ቀዳች፣ መረመረች። ውጤቱ ላይ "ነፃ" የሚል ማኅተም ተመታ። መቼም ነፃ ካልሆነች ምን ልትሆን ኖሯል! ስትወጣ በካርድ ክፍሉ መስኮት አለፈች፣ ከጋሽ ወርቁ ጋር ተያዩ፣ አንዳቸውም ሰላም አላሉም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሃያ ሦስቱም ተገኝተው ነበር። ሁለቱ ተይዘዋል፣ ሃያ አንዱ ነፃ ናቸው። ሪፖርቱ ላይ መቶ በመቶ ተብሎ ተጻፈ፤ ከዞኑ ሆስፒታሎች ሁሉ አንደኛ ወጣን። እንግዶች መጡ፣ ባነር ተሰቀለ፣ ብስኩት ቀረበ። ጋሽ ወርቁ "የሃያ ሦስቱንም ካርድ በሦስት ቀን ያገኙ ምስጉን ሠራተኛ" ተብለው መድረክ ላይ ተጠሩ፣ በመስታወት የተለበጠ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። አጨበጨብን። እሳቸው ወረቀቱን እንደተሸከሙ በጓሮ በኩል ወጡ፤ ተከተልኳቸው።

"ራያን አላገኘናትም እኮ" አሉኝ።

"አውቃለሁ።"

"ካወቅሽ ምነው ዝም አልሽ?"

"አንቱስ?"

መለስ ብለው ባነሩን አዩት። ለጡረታ ሰባት ወር ነበር የቀራቸው። የሐሰት መዝገብ መጻፍ ከሥራ እንደሚያስወጣ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ለአዳዲስ ጸሐፊዎች ያስተማሩት ራሳቸው ናቸው። "ይሄ በሽታ ድምፅ የለውም አለች ቢታንያ፤ ጉበትን ቀስ እያለ ነው አሉ የሚጨርሰው" ብለው ሄዱ።

ቅዳሜ ዕለት ጋሽ ወርቁ በታክሲ አየር ጤና፣ ከዚያ በሌላ ታክሲ ከተማውን ዞረው ቡራዩ ገቡ። የዓለም ገናው ሱቅ አልሆን ብሏቸው ራያና አክመል ወደዚያው ተመልሰው ነበር፤ አድራሻውን ከደስታነሽ ነው ያገኙት። የዚያን ቀን የተባባሉትን ራያ በኋላ ነግራኛለች።

"አካም ጅርቱ፣ ጋሼ! ምን እግር ጣለዎት?" አለ አክመል፣ ከባልዲዎቹ መካከል በርጩማ እየፈለገላቸው። ሚሪንዳ ከፈተላቸው። አልጠጡም።

"ራያ፣ ያኔ የተሰጠሽ ደም ችግር ሊኖርበት ይችላል" አሉ። "የወሰዱትን ፈልጋችሁ መርምሩ ተባልን። ደስታነሽን ጠርተን መረመርን። ነፃ ናት ብለን ዘጋነው።"

"ደስታነሽን?" ብላ ራያ ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ተቆረጠ። "እኔ እኮ ድካሙን ጨጓራ ነው ብዬ... ስድስት ወር ሙሉ የጨጓራ መድኃኒት ነው የምውጠው።"

ሰኞ መጣች። ቢታንያ በተረፈ ኪት መረመረቻት፣ ደሟ አዲስ አበባ ተልኮ ተረጋገጠ። ቫይረሱ ነበረባት። ጥሩው ነገር መድኃኒቱ ያድናል፤ በቀን አንድ ኪኒን ለሦስት ወር። መጥፎው ነገር መድኃኒቱ የሚላከው በዝርዝሩ ላይ ላለ ሰው ብቻ ነው። ራያ ደግሞ በሆስፒታላችን መዝገብ መሠረት በሕይወቷ አንድ ጠብታ ደም ወስዳ አታውቅም።

ኦቦ ሞቱማ ክፉ ሰው አይደሉም። ሁላችንንም ቢሯቸው ሰበሰቡን፤ ራያና አክመል፣ ደስታነሽም ነበሩ። "ለምን ነገር እናወሳስባለን?" አሉ። "ቁጥር አሥራ አራት ውጤቷ በስህተት ተጽፏል፣ ተይዛለች ብለን ማስተካከያ እንልካለን። በሳምንት ውስጥ መድኃኒቱ በደስታነሽ ስም ይመጣል። ራያ ትውጠዋለች። ማን ተጎዳ?"

እኔ ደስ አለኝ። አክመል "ገለቶማ፣ ኦቦ ሞቱማ" ብሎ አመስግኖ ሊነሳ ነበር። ደስታነሽ እንኳን "ስሜን አንዴ ሰጥቻታለሁ፣ አሁን አልነፍጋትም" አለች። ይህችን ሴት በዚያች ደቂቃ በጣም ወደድኳት።

"አይሆንም" አሉ ጋሽ ወርቁ።

ሁላችንም ዞርን።

"ነገ ደስታነሽ ብትታመም፣ ካርዷ ላይ የሌለባትን በሽታ አንብበው ነው የሚያክሟት። ይቺ ደግሞ ቡራዩ ጤና ጣቢያ ብትሄድ ምን ነበረብሽ ሲሏት ምን ልትል ነው? በጎረቤቴ ስም ታምሜ ነበር ልትል ነው?"

ራያ ተነሳች። "ጋሽ ወርቁ፣ ያኔ በሰው ስም ሲጽፉኝ ደግ ነዎት ብዬ ዱዓ አድርጌልዎታለሁ። አሁን መድኃኒቴ ደጅ ሲደርስ ሕግ ትዝ አለዎት?"

ይህ የተገባቸው ነበር። እሳቸውም አልተከላከሉም።

"ትክክል ነሽ" አሉ። "ግን አንቺ ብቻ ብትሆኚ ኖሮ እኔም ከኦቦ ሞቱማ ጋር እስማማ ነበር። ከሃያ ሦስቱ አምስቱ በሰው ደብተር ነው የታከሙት። አምስቱንም የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። በሰኔ እወጣለሁ።"

ኦቦ ሞቱማ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። "ሸልመውናል እኮ" አሉ ቀስ ብለው።

ጋሽ ወርቁ በዚያው ቀን በእጅ ጽሑፋቸው ሁለት ገጽ ጻፉ፤ እያወቁ እንዳደረጉት አልሸሸጉም፣ አምስቱን ቁጥሮች ዘርዝረው ፈረሙ። ከዚያ መስኮታቸው ጋ ተመልሰው አዲስ ካርድ አወጡ፣ ራያን ጠሯት። ዓይኗ ከለቅሶ ቀልቶ መጣች።

"ስምሽ ማነው?"

"ያውቁኛል እኮ!"

"ስምሽን ነው የጠየቅኩት።"

"ራያ የሱፍ።"

ጻፉ። እስክሪብቶዋን ክዳኗን ገጥመው ኪሳቸው ከተቱ።

የመንግሥት መልስ በሦስት ደብዳቤ መጣ። የመጀመሪያው ለምን ሐሰት እንደተመዘገበ ማብራሪያ ይጠይቃል። ሁለተኛው ጋሽ ወርቁ በዲሲፕሊን እንዲጠየቁ፣ ደብተር ያዋሱት አምስት ቤተሰቦችም ለአንድ ዓመት እንዲታገዱ ያዛል። ሦስተኛው፣ ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ የራያን መድኃኒት ይዞ መጣ። ቅደም ተከተሉን ያወጣው ማን እንደሆነ ባውቅ አንድ ቀን ቁጭ አድርጌ አነጋግረው ነበር። ቢሆንም መጣ፤ ካርቶኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ራያ የሱፍ ይል ነበር። በእጄ ነው የሰጠኋት። ሦስት ወር ዋጠች፣ ዳግመኛ ስትመረመር ቫይረሱ ጠፍቷል። ሽልማት ብሎ ነገር አልነበረም፣ ባነርም አልተሰቀለም።

ጋሽ ወርቁን ከሥራ አላስወጧቸውም። ከካርድ ክፍል አንስተው የተሰበሩ አልጋዎች የተከማቹበት መጋዘን ጠባቂ አደረጓቸው፣ በሰኔም ያለ ስንብት ዝግጅት ጡረታ ወጡ። የምስክር ወረቀቱን ከመስታወቱ አውጥተው ወረቀቱን ብቻ ለሥራ አስኪያጁ መለሱ። ደስታነሽ እስካሁን ሰላም አትላቸውም። ልጆቿን በክረምቱ ሁለት ጊዜ አስሙ አፈናቸው፣ ከፍላ አሳከመች። እሷን ሳይ የሚሰማኝን ሐዘን ለጋሽ ወርቁ ነግሬያቸው አውቃለሁ፤ "እኔም" አሉኝ።

ከአምስቱ አራቱ ተገኙ። ሁለቱ ነፃ ነበሩ፣ ከራያ ሌላ አንድ ሰው ተይዞ ነበር፣ እሱም ታከመ። የቀረው ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ነው። የታከመው አጵሎስ በሚባል ግንበኛ ደብተር ነው። አጵሎስን ጋሽ ወርቁ ራሳቸው ሰበታ ድረስ ሄደው ጠየቁት።

"ሕንፃ ላይ አብሮኝ የቀን ሥራ ይሠራ ነበር" አላቸው። "ከመወጣጫው ወደቀ፣ እየደማ በባጃጅ ይዤው መጣሁ። ስሙን? ጓዴ እያልኩ ነበር የምጠራው። ሕንፃው ሲያልቅ ሄደ። ሆለታ አበባ እርሻ ሥራ አገኘሁ ያለ መሰለኝ።"

ጋሽ ወርቁ ሰውየውን ያስታውሱታል። የግራ እጁ ቀለበት ጣት ግማሽ ነው፤ አደጋው ያመጣው ሳይሆን የቆየ ጠባሳ። የትኛው ወንበር ላይ እንደተኛ ሳይቀር ይነግሩኛል። ስሙን ግን አያውቁም፤ ያን ቀን አልጠየቁትም። የአጵሎስን ነው የጻፉት።

ሁለት ጊዜ ሆለታ ሄደው የአበባ እርሻ ሠራተኞች ሲለቀቁ በር ላይ ቆመዋል። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ሕመምተኛ በሚበዛበት ቀን፣ ከሆስፒታላችን በር ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ደጃፍ ይቀመጣሉ። የሚገባውን ወንድ ሁሉ ግራ እጁን ያያሉ። መጀመሪያ ዘበኞቹ ሌባ ጠባቂ መስለዋቸው ነበር። አሁን ለምደዋቸዋል። ቢሮው በበኩሉ የመጨረሻውን ሪፖርት ልኳል፤ ከሃያ ሦስቱ ሃያ ሁለቱ ስለተገኙ፣ ዕቅዱም ዘጠና ከመቶ ስለነበር፣ ከዕቅድ በላይ ተከናውኗል ተብሎ ተዘግቷል።

ባለፈው ሐሙስ ከምሳ ስመለስ አንድ ሰው አስቁመው እጁን ይዘው አየኋቸው። አምስቱም ጣቶቹ ሙሉ ነበሩ። ይቅርታ ጠይቀው ለቀቁት፣ ሰውየውም ግር ብሎት ገባ።

"አሁንም?" አልኳቸው።

"አንድ ጥያቄ ነበረች እኮ" አሉኝ። "አጵሎስ ብዬ ጠርቼው አቤት ሲል፣ ስምህ ማነው ብለው ኖሮ!"

ወደ መስኮቴ ተመለስኩ። ከፊት ለፊቴ፣ በካርድ ክፍሉ መካከለኛ መደርደሪያ ላይ፣ የዚያ ሰው ካርድ አሁንም አለ። አንድ ቀን ገብቼ አውጥቼ አይቼዋለሁ። ስም፦ አጵሎስ። የተሰጠ ደም፦ ሦስት ከረጢት። ከላዩ ላይ በስቴፕለር የተያያዘችው የምርመራ ውጤት ደግሞ ነፃ ትላለች።